ስለ ላም ክብርና ስለ ሰው ደም

ስለ ሕንድ አገር ጨዋታ በተነሣ ጊዜ በየገበታው ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ሕንዶች ላም ያመልካሉ» የሚለው ነው። ተናጋሪው ይህን ብሎ ይሥቃል፤ ሰሚውም በሲና ተራራ ሥር የቀለጠውን የወርቅ ጥጃ አስታውሶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ነገር ግን በብዙ መቶ ሚሊዮን በሚቈጠር ሕዝብ እምነት ላይ በአንድ ሣቅ መፍረድ ከካህንም ከጨዋም የሚጠበቅ አይደለም። ይልቁንም ሣቁ አንድ የሚያስለቅስ ነገር ይሸፍናል። በዚያች አገር በላም ስም ሰው እየተገደለ እንደ ኖረ፣ ላሚቱም ራሷ በክብሯ ስም በየመንገዱ እንደምትራብ ያወቀ ሰው የሚሥቅበት ምክንያት አይኖረውም።

አስቀድሞ እምነቱ አማኞቹ እንደሚናገሩት ይነገር። የሂንዱ ሃይማኖት አንድ መሥራች፣ አንድ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ሁሉን የሚያዝ አንድ ሲኖዶስ የለውም። አንዱ ቪሽኑን፣ ሌላው ሺቫን፣ ሌላውም እናት አምላክ የሚላትን ይለምናል። ቢሆንም ብዙዎቹ በሁለት ነገር ይስማማሉ። አንደኛው ነፍስ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው አካል የምትዛወር መሆኗ ነው፤ ሁለተኛው አሂምሳ የሚሉት፣ ሕይወት ያለውን ሁሉ አለመጕዳት ነው። ላም በዚህ ትምህርት መካከል ልዩ ስፍራ አላት። በበዓል ቀን በግንባሯ ቀለም ይቀቧታል፤ የአበባ ጕንጕን ያጠልቁላታል፤ ይሰግዱላታልም። አማልክት ሁሉ በአካሏ ያድራሉ የሚል ትምህርትም አለ። ሆኖም ሊቃውንታቸው ሲጠየቁ ላም የሁሉ ፈጣሪ ናት አይሉም፤ እናት ናት ይላሉ። ለጥጃዋ ያላትን ወተት ለሰውም ታካፍላለችና። ክሪሽና የሚሉት አምላካቸው በልጅነቱ የላም እረኛ እንደ ነበረ ይተርካሉ፤ በሺቫ ቤተ መቅደስ ደጃፍም ናንዲ የሚባለው ኮርማ ተኝቶ ይታያል። ወተቷ፣ እርጎዋ፣ የነጠረው ቅቤዋ፣ እበቷና ሽንቷ አምስቱ በአንድነት ፓንቻጋቭያ ተብለው ለመንጻት ሥርዓት ይውላሉ። ክርስቲያን ለፍጥረት መስገድን አይቀበልም፤ ላለመቀበሉም ከሕጉ በቂ ምክንያት አለው። አለመቀበል ግን አንድ ነገር ነው፤ ሳያውቁ መሣቅ ሌላ ነገር ነው።

ከዚህም ጋር ለገበሬ ልጅ ሊነገር የማይገባው ግልጽ ነገር አለ። በሕንድ ገጠር በሬ ሞፈርና ቀንበር የሚሸከም፣ እበቱ ደርቆ ኩበት ሆኖ እንጀራ የሚያበስል፣ ከተረፈም እርሻን የሚያለማ ነው። አሜሪካዊው የሰው ባሕል መርማሪ ማርቪን ሃሪስ በ1966 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባወጡት ጽሑፍ፣ በድርቅ ዘመን የተራበው ገበሬ ላሙን አርዶ እንዳይበላና ዝናብ በዘነበ ጊዜ ያለ በሬ እንዳይቀር የጠበቀው ይኸው ክልከላ ነው ብለው ተከራከሩ። ሁሉም ሊቅ በዚህ አልተስማማም። ነገር ግን ጥማድ በሬውን በስም ጠርቶ የሚያርስ የጎጃም ወይም የሸዋ ገበሬ ይህን ቢሰማ አይደነቅም። በኢትዮጵያም ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን ሳይበላ ብዙ መቶ ዓመት ጎረቤት ሆኖ ኖሯል። በገበታው ላይ እንዲህ ያለ ድንበር ያለው ሰው የሌላውን ሕዝብ ገበታ ሲያይ አፉን ሊይዝ ይገባዋል።

እንግዲህ ነቀፋው በማን ላይ ነው? ላሙን በሚያከብረው ሂንዱ ላይ አይደለም። ይህን የምሕረት ልማድ ወስደው በባልንጀራቸው ራስ ላይ የሚወረውሩት ድንጋይ ባደረጉት ላይ ነው።

እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያ የሚናገሩት የላም ክብር ከጥንት ከመሠረቱ እንዲሁ የነበረ፣ ሥጋዋን መብላትም ከውጭ በመጡ እስላሞች የገባ ነው የሚል ነው። የገዛ ራሳቸው መጻሕፍት ግን ይህን አይመሰክሩላቸውም። በሪግቬዳ ላም «የማትገደል» የሚል ስም መሰጠቷ እውነት ነው፤ በዚያው ዘመን ከብት ለመሥዋዕት ይታረድ እንደ ነበረም የቬዳ መጻሕፍት ያሳያሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ታላቁ የሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ ለክቡር እንግዳ የሚሰጠውን አንድ ስም ሲተነትን፣ ትርጓሜው ላም የሚታረድለት ማለት እንደ ሆነ አስታውቋል። የሕንድን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ የታወቁት ዶክቶር አምበድካር በ1948 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የማይነኩ የተባሉት ወገኖች የተናቁት ሌላው ከላም ሥጋ ከተለየ በኋላ እነርሱ የሞተችውን ላም ሥጋ መብላት ስላልተዉ ነው ብለው ጻፉ። የታሪክ ሊቁ ድዊጄንድራ ናራያን ጃም በ2001 ዓ.ም. የጥንቱን የሥጋ መብላት ማስረጃ ሰብስበው በመጽሐፍ ባወጡ ጊዜ የሞት ዛቻ ደረሰባቸው፤ መጽሐፉም በፍርድ ቤት ለጊዜው ታገደ። ይህ ለምን ሆነ? ርኅራኄ ቀስ በቀስ የበቀለ መሆኑ ክብሩን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ሰው ከማረድ ወደ መራራት መመለሱ የሚያስመሰግነው ነው። ታሪክን የሚፈራው ምሕረት ሳይሆን ላሚቱን የወገን ዓርማ ያደረገ ሰው ነው።

ዓርማ የሆነችበትም ጊዜ የታወቀ ነው። በ1857 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሥር የነበሩ የሕንድ ወታደሮች ባመፁ ጊዜ ከምክንያቶቹ አንዱ ጥይቱ በላምና በዐሣማ ስብ ተቀብቷል መባሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ሂንዱውና እስላሙ በአንድነት ተቈጡ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አርያ ሳማጅ የተባለውን ማኅበር የመሠረቱት ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1881 ዓ.ም. ስለ ላም ርኅራኄ መጽሐፍ ጻፉ፤ ቀጥሎም የላም ጠባቂ ማኅበሮች በሰሜን ሕንድ ተስፋፉ። በ1893 ዓ.ም. ከእነዚህ ማኅበሮች መስፋፋት ጋር በተያያዘ ብጥብጥ በሰሜን አውራጃዎችና በቦምቤይ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ሞተ። ርኅራኄ ስብሰባና መዝገብ፣ መዋጮና ዱላ ካበጀ በኋላ የመጀመሪያው ፍሬው ይህ ነበር።

ይህን ከማንም ይልቅ አጥርተው ያዩት ማሕትማ ጋንዲ ናቸው። ጋንዲ ላም ወዳድ ሂንዱ ነበሩ። ነጋዴዎች ወተት ለማብዛት በላሟ ላይ የሚያደርሱትን ሥቃይ ሰምተው የላምና የጎሽ ወተት ላለመጠጣት ስለ ማሉ፣ በኋላ ሲታመሙም የፍየል ወተት ብቻ ይጠጡ ነበር። እኒሁ ሰው በ1909 ዓ.ም. በጻፉት ሂንድ ስዋራጅ በተባለው መጽሐፍ፣ ላሟን ለማዳን እስላም ወንድማቸውን እንደሚለምኑት፣ እምቢ ቢላቸው ግን ላሟን ለማዳን ብለው ሰውን እንደማይገድሉ አስታወቁ። ከዚህም አልፈው የላም ጠባቂ ማኅበር በበዛ ቍጥር የሚታረደው ላም መብዛቱን አይተው፣ ማኅበሮቹ የላም ገዳይ ሊባሉ ይገባ ነበር አሉ። የጋንዲን ሥዕል በገንዘቡ ላይ ያተመ መንግሥት ይህን ቃላቸውን ግን በሕግ መጽሐፉ ላይ አላተመውም።

ሕጉ የወጣበት አኳኋን ራሱ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. መማክርቱ ሕገ መንግሥቱን ሲያዘጋጁ፣ ላምን ማረድ እንዲከለከል የፈለጉት ሰዎች ሃይማኖታቸውን ፊት ለፊት አላቀረቡም። ዐንቀጽ 48 ሆኖ የጸናው ቃል መንግሥት የእርሻንና የከብትን ርባታ በአዲስ ጥበብና በሳይንስ ሥርዓት እንዲያደራጅ ያዝና፣ በዚያው መካከል ላሞችን፣ ጥጆችንና ሌሎችንም የሚታለቡና የሚጠመዱ ከብቶች ማረድን ለመከልከል እንዲጥር ይጨምራል። ከመማክርቱ አንዱ የነበሩት እስላሙ ላሪ በዚያን ቀን ተነሥተው፣ ብዙኃኑ ይህን የሚሹት ስለ ሃይማኖታቸው ከሆነ በግልጽ ይናገሩት፤ እስላሞችም የት እንደ ቆሙ ይወቁ ብለው አሳሰቡ። ይህ የጠላት ንግግር አልነበረም፤ ግልጽነትን የሚለምን የባልንጀራ ንግግር ነበር። መልሱ ግን ጥያቄውን በኢኮኖሚ መጋረጃ መሸፈን ሆነ፤ መጋረጃውም እስካሁን አልተቀደደም።

በኅዳር 1966 ዓ.ም. መናንያን በብዙ ሺህ ሆነው በደልሂ ፓርላማውን ከበቡ፤ ፖሊስ ተኰሰ፤ ሰዎችም ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት መንግሥት ነገሩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። በኮሚቴው ውስጥ የሕንድን የወተት ሥራ ያቀኑት ቨርጌዝ ኩርየንና የራሽትሪያ ስዋያምሴቫክ ሳንግ ማኅበር አለቃ የነበሩት ጎልዋልካር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኩርየን በኋላ በጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ እንደሚተርኩት፣ ጎልዋልካር የላሙን ዘመቻ ያነሡት በመጀመሪያ መንግሥትን ለማሳፈር እንደ ነበረ፣ ኋላም ላሚቱ አገርን የምታስተባብር ምልክት ልትሆን እንደምትችል እንዳዩ ነግረዋቸዋል። ኮሚቴው አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ አንድም ቃል ሳያወጣ ፈረሰ። የእናትነት ፍቅር ነው የተባለው ነገር በምሥጢር ጨዋታ ላይ ምልክት ከተባለ፣ ምእመኑ ድሀ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?

ምልክት ደግሞ ደም ይጠይቃል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ከደልሂ ሩቅ ባልሆነ የኡታር ፕራዴሽ መንደር፣ አንድ ሰው ጥጃ አርዷል የሚል ወሬ በቤተ መቅደሱ የድምፅ ማጉያ ተነገረ። ሕዝቡ ወደ አንድ እስላም ቤት ገባ፤ አባወራውን ቀጥቅጦ ገደለ፤ ታናሽ ልጁንም ክፉኛ አቈሰለ። ታላቁ ልጅ በዚያን ጊዜ በሕንድ አየር ኃይል ያገለግል ነበር። ከዚያ በኋላ ከሟቹ ማቀዝቀዣ የተገኘው ሥጋ የላም ይሁን የበግ እንዲመረመር ተላከ፤ የሰው ነፍስ ከጠፋ በኋላ የሥጋው ዐይነት ፍርዱን የሚያቀል ይመስል! በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ እስላም ወተት ሻጭ ገበሬ በጃይፑር ገበያ የሚታለቡ ላሞች ገዝቶ ደረሰኙን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በአልዋር መንገድ ላይ አስቁመው ደበደቡት፤ በሦስተኛውም ቀን ሞተ። ይህ ሰው ላሞቹን ሊያልብ እንጂ ሊያርድ አልነበረም። ስድስቱ ተከሳሾች በ2019 ዓ.ም. በነጻ ተለቀቁ፤ በሚከተለው ዓመት ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሁለት ልጆች ብቻ ጥፋተኞች ተባሉ። ያ ገበሬ በሞተበት በ2017 ዓ.ም. የጉጅራት ክፍለ አገር ላም ላረደ ሰው ቅጣቱን ከአሥር ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ከፍ አደረገው። ሁለቱን ሚዛኖች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ሌላ ማስረጃ አይሻም።

ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ከግንቦት 2015 እስከ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ምክንያት ቢያንስ 44 ሰዎች መገደላቸውንና ከእነርሱም 36ቱ እስላሞች መሆናቸውን ቈጥሯል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሐምሌ 2018 ዓ.ም. ሕዝብ ተሰብስቦ ሕግን በእጁ ሊወስድ እንደማይችል ፈርዶ፣ ፓርላማው ለዚህ ወንጀል የተለየ ሕግ እንዲያወጣ አሳሰበ። ፍርዱ መልካም ነበር፤ በተገደሉት ቤት ግን ዘግይቶ ደረሰ።

ጠባቂዎቹ ለዚህ መልስ አላቸው። የብዙኃኑ ልብ የሚቈስልበትን ነገር ሕግ ሊከለክል ይገባል ይላሉ። ይህ ቃል በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ የጎረቤትን ልብ መጠበቅ ታላቅ ነገር ነውና። ነገር ግን ሕንድ አንድ ልብ ብቻ ያላት አገር አይደለችም። በኬራላ የሂንዱ፣ የክርስቲያንና የእስላም መንደሮች ተጎራብተው ይኖራሉ፤ የላም ሥጋ በገበያ ይሸጣል፤ ከሂንዱዎችም የሚበላው ብዙ ነው። ይህችን አገር ኢትዮጵያውያን የሚያውቋት በሩቅ አይደለም። ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በየአውራጃው ትምህርት ቤት ሒሳብና እንግሊዝኛ ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የሐዋርያው ቶማስ ልጆች ነን የምትለው የማላንካራ ቤተ ክርስቲያንም በጥር 1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእኅትነት ተቀምጣለች። እንግዲህ የአንዱን ክፍለ አገር ልብ ለመጠበቅ የሌላውን ገበታ በፖሊስ መፈተሽ ምን ዐይነት ጉርብትና ነው? ለጎረቤት ሲባል በፈቃድ የተተወ ምግብ ፍቅር ነው፤ በዱላ ያስተዉት ግን ፍርሃት እንጂ ፍቅር አይባልም።

ይህ ሁሉ ደም ላሚቱን ቢያድናት ኖሮ ጠባቂዎቹ ቢያንስ አንድ የሚያሳዩት ነገር በኖራቸው ነበር። በ2019 ዓ.ም. በሕንድ የተደረገው የእንስሳት ቈጠራ 192 ሚሊዮን ያህል የላምና የበሬ ወገን አገኘ። ከዚህ ውስጥ እንስቶቹ 145 ሚሊዮን፣ ተባዕቶቹ ግን 47 ሚሊዮን ብቻ ናቸው። ላም ወንድና ሴት ጥጃ በእኩል ያህል እንደምትወልድ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ወንዶቹ ወዴት ሄዱ? ትራክተር የበሬን ሥራ ስለ ወሰደበት ወተት የማይሰጠው ወይፈን ለገበሬው ሸክም ሆነ፤ አንዱ ወተት ተከልክሎ በረት ውስጥ ይሞታል፤ ሌላው በሌሊት ክልከላ ወደሌለበት ወገን ይነዳል፤ ሌላውም በመንገድ ይለቀቃል። ያው ቈጠራ ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጥ ባለቤት የሌለው የቀንድ ከብት መዝግቧል። በኡታር ፕራዴሽ ገበሬው ስንዴውን ከእነዚህ መንጋዎች ለማዳን በብርድ ሌሊት በማሳው ዳር ያድራል፤ በከተማም ላሚቱ ከቆሻሻ ክምር ላስቲክ ትበላለች፤ የእንስሳት ሐኪሞችም ከአንዲት ላም ሆድ ብዙ አሥር ኪሎ ላስቲክ አውጥተዋል። እናት የተባለች እንዲህ ትጦራለችን?

ጎሹም በዚህ ነገር መረሳት የለበትም። በሕንድ ከሚታለበው ወተት ግማሽ ያህሉ የጎሽ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ያለውን ይህን እንስሳ ግን እናት ብሎ የሚጠራው ጠባቂ የለም። ሥጋው በመርከብ እየተጫነ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ሩቅ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ሕንድም በዚህ ንግድ ከዓለም ታላላቅ ሻጮች አንዷ ናት። ካንቻ ኢላያ የተባሉት ሕንዳዊ ጸሐፊ ይህን አይተው፣ ነጯ ላም የተቀደሰች ጥቁሩ ጎሽ የተናቀ የሆነበት ምክንያት በሰዎች መካከል ካለው የወገን ልዩነት የማይለይ ነው ብለው ጽፈዋል። ወተት ስለ ሰጠች ትከበራለች ከተባለ ጎሹም ሰጥቷል። ሕይወት ስላለው አይገደል ከተባለ ጎሹም ሕይወት አለው።

ላሚቱ በሞተች ጊዜ ምን እንደሚሆንም ሊነገር ይገባል፤ የነገሩ እውነት በዚያ ይታያልና። የሚያከብሯት ሰዎች ሬሳዋን አይነኩም። ሬሳውን እየጎተቱ ማውጣት፣ ቆዳውን መግፈፍና ማልፋት ከጥንት ጀምሮ የዳሊቶች፣ የማይነኩ የተባሉት ሰዎች ዕጣ ሆኖ ኖረ፤ ይህንም በማድረጋቸው ርኩሳን ተባሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጉጅራት በኡና አጠገብ የዳሊት ወጣቶች የሞተች ላም ቆዳ ሲገፉ፣ ራሳቸውን የላም ጠባቂ ያሉ ሰዎች አርዳችኋል ብለው ያዟቸው፤ እስከ ወገባቸው አራቁተው ከመኪና ጋር አስረው በአደባባይ ገረፏቸው። ግርፋቱንም ራሳቸው በፊልም አንሥተው እንደ ጀብዱ አሰራጩት።

ከዚያ በኋላ በጉጅራት ያሉ ብዙ ዳሊቶች የሞቱ ከብቶችን ማንሣት እምቢ አሉ። በሱሬንድራናጋር ከተማ የላሞችን ሬሳ በመኪና ጭነው አምጥተው በአውራጃው ገዥ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ አራገፉት፤ እናታችሁ ከሆነች እናንተው ቅበሯት ማለታቸው ነበር።